«እማዬ፣ ምን ተጫነሽ?»

ጥያቄ

ለዓምዱ አዘጋጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንድ የ12 ዓመት ልጅ እናት።

ከሦስት ወር ወዲህ ራሴን አላውቀውም። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ እነቃና ዓይኔን ሳልከድን ይነጋል። ጥልፍ በጣም እወድ ነበር። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ነው፤ እጄ አይሄድም። ጠዋት ለሥራ ስነሳ አንዱን ጫማ አጥልቄ ሌላውን በእጄ ይዤ ግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ። አላለቅስም፣ እንዲህ ነው የምለው ሐዘንም የለኝም። ብቻ ሁሉ ነገር ከብዶኛል።

ባለፈው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ብዙ ከጠየቀችኝ በኋላ ክኒን አዘዘችልኝና ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ «ሜጀር ዲፕሬሲቭ ኤፒሶድ፣ ሞደሬት» ብላ ጻፈች። «ሜጀር» የሚለው አስደነገጠኝ፤ ለመጠየቅ ግን አፈርኩ። ለባለቤቴ «ድብርት ነው አሉኝ» ስለው «አይ አንቺ! እኔስ ሥራ ቦታ ሲደብረኝ አይደል እንዴ የምውለው? ታዲያ እኔም በሽተኛ ነኝ?» አለኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እውነቱን ነው። ታላቅ እህቴ ደግሞ «ስሙን አፍሽ ላይ አታድርጊው፣ ይለጠፍብሻል፤ ክኒኑም ያደነዝዝሻል» አለችኝ። መድኃኒቱን እስካሁን አልጀመርኩትም።

ይባስ ብሎ ልጄ ወረቀቱን አግኝቶ መዝገበ ቃላት ገልጦ ጠበቀኝ። «እማዬ፣ ዲፕሬሽን ረባዳ መሬት ማለት ነው ይላል፣ ደግሞ የኢኮኖሚ ድቀት፣ ደግሞ ዝቅተኛ የአየር ግፊት። ከላቲን ‹ወደ ታች መጫን› የመጣ ነው ይላል። ምን ተጫነሽ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ይህ ቃል ምን ማለት ነው? እውነተኛ ሕመም ነው ወይስ ስም ብቻ? ለባለቤቴ፣ ለልጄና ለመሥሪያ ቤቴ ምን ብዬ ልንገራቸው?

ቃል የጠፋኝ ነኝ

መልስ

ውድ እህታችን፣

ደብዳቤሽን ስናነብ ከሁሉ በፊት ልባችን የቀረው ልጅሽ ጥያቄ ላይ ነው። ብዙ አዋቂ የሚስተውን የቃሉን ሥር ይዞታል። ስለዚህ ከእሱ መዝገበ ቃላት እንነሳና ወደ አንቺ ወረቀት እንምጣ።

ቃሉ ከላቲን ነው፤ «ደ» ወደ ታች፣ «ፕረመረ» መጫን። ሲጀመር ስሜት የሚባል ነገር የለበትም። ሐኪም ጉሮሮሽን ለማየት ምላስሽን ወደ ታች የምትጫንባትን ጠፍጣፋ እንጨት ታውቂያታለሽ? የእንግሊዝኛ ስሟ «ተንግ ዲፕረሰር» ነው፣ ምላስ መጫኛ እንደማለት። ቃሉ በእንግሊዝኛ ብቅ ያለውም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በሥነ ፈለክ ነው፤ አንድ ነገር ከአድማስ በታች ምን ያህል ዝቅ እንዳለ የሚለካበት ማዕዘን ነበር። ከዚያ በዙሪያው ካለው ዝቅ ላለ መሬት ተሰጠ። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ የሚለው ዳናኪል፣ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ የሚለው የሙት ባሕር ዳርቻ በዚህ ስም ይጠራሉ። የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ደግሞ ግፊቱ ከአካባቢው ላነሰ አየር ይጠቀሙበታል። በሞቃት ውቅያኖስ ላይ የሚሽከረከር ነፋስ በሰዓት ከ63 ኪሎ ሜትር በታች እስከሆነ ድረስ «ዲፕሬሽን» ነው፤ ከዚያ ካለፈ «ማዕበል» ወደሚል ስም ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1929 የጀመረውና በ1933 በአሜሪካ ከአራት ሠራተኛ አንዱን ያህል ሥራ ያሳጣው የኢኮኖሚ ድቀትም በዚሁ ቃል ይታወቃል።

ልጅሽ ያገኛቸው ትርጉሞች የተበታተኑ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ኮከቡ ዝቅ ያለው ከአድማስ ነው፣ መሬቱ ከዙሪያው፣ አየሩ ከጎኑ ካለው አየር፣ ኢኮኖሚው ከነበረበት። «ከምን ዝቅ አለ?» ተብሎ ካልተጠየቀ ቃሉ ባዶ ነው። ባለቤትሽ የተሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለናል። አንቺን ከራሱ የሥራ ቦታ ውሎ ጋር ለካሽ። መለኪያው ግን እሱ አይደለም፤ ከሦስት ወር በፊት የነበርሽው አንቺ ነሽ።

ወደ ሰው መንፈስ እንግባ። በጥንት ሐኪሞች ዘንድ ይህ ሕመም «ሜላንኮሊያ» ይባል ነበር፤ በግሪክኛ ጥቁር ሐሞት ማለት ነው። ሐሞት በሰውነት ውስጥ ሲጠቁርና ሲበዛ ሰው ይተክዛል ብለው ያምኑ ነበር። እኛም እኮ ተስፋው ያለቀበትን ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንላለን። የሐሞቱ ሐሳብ በሕክምና ተሽሯል። በጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም ከተላለፉት አጫጭር አባባሎች አንዱ ግን ዛሬም ይሠራል፤ ፍርሃትና ትካዜ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ሜላንኮሊያ ነው ይላል። ለረጅም ጊዜ የምትለዋን ልብ በይልን፣ እንመለስባታለን። «ዲፕሬሽን» ለተጫነ መንፈስ መዋል የጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፈረንሳዊው የአእምሮ ሐኪም ሉዊ ዴላዚዮቭ እ.ኤ.አ. በ1856 የሕመም ምልክት አድርጎ ጻፈው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዶልፍ ማየር የተባለው የአእምሮ ሐኪም ሜላንኮሊያ የሚለው ቀርቶ በዚህ ይተካ ሲል ተከራከረ። አንቺን ያስደነገጠሽ «ሜጀር» የመጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው የምርመራ መመሪያ ነው።

አሁን ወረቀትሽን እናንብበው። «ሜጀር» ማለት «በጣም የከፋ» ማለት አይደለም። ምልክቶቹ በቁጥርም በቆይታም የተቀመጠውን ወለል አልፈዋል ማለት ብቻ ነው። ወለሉም ይህ ነው፦ ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ ቀኑን አብዛኛውን፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ መኖራቸውና የሰውየውን ሥራ ወይም ኑሮ ማወካቸው። ከአምስቱ አንዱ የግድ ከሁለቱ መግቢያ በሮች በአንዱ መምጣት አለበት፤ ወይ የተጫነ ስሜት፣ ወይ ደስ ይል ከነበረው ነገር ደስታ ማጣት። አንቺ «ሐዘን የለኝም» ብለሽ ምናልባት አልታመምኩም ይሆናል ብለሽ ተጠራጥረሻል። ያ ጨርቅ ላይ ተሰክቶ የቀረው መርፌ ግን ሁለተኛው በር ነው። ብዙ ሰው ሕመሙን ሳያውቀው የሚቆየው ለቅሶ ሲጠብቅ ነው፤ የሚመጣው ለቅሶ ሳይሆን ያ በእጅ የተያዘው ጫማ ሊሆን ይችላል።

«ሞደሬት» መካከለኛ ማለት ነው፤ ከቀላሉ በላይ፣ ከከባዱ በታች። ለእኛ ከሁሉ ደስ ያለን ቃል ግን «ኤፒሶድ» ነው። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ምዕራፍ ማለት ነው። ሐኪምሽ የጻፈችው አንቺ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንሽ አይደለም፤ አሁን ያለሽበትን ጊዜ ነው።

የባለቤትሽንም ነገር ችላ አንበለው፤ የአማርኛው ቃል ራሱ አሳስቶታል። «ድብርት» ስንል በአፋችን የለመደው «ይደብራል» የሚለው ነው። ፊልሙ ይደብራል፣ ስብሰባው ይደብራል። እዚያ ላይ አስደባሪው ነገር ውጭ ነው፤ ፊልሙ ሲያልቅ፣ ከስብሰባው ስንወጣ ይለቀናል። የሕመሙ ድብርት ግን ነገሩ ቢነሳም አይነሳም። ዕረፍት ወጥተሽ፣ የምትወጃቸው ሰዎች መጥተው፣ ጥልፍሽ ፊትሽ ተዘርግቶ እንኳ አይለቅሽም። ባለሙያዎች አሁን አሁን «ድባቴ» ማለትን የሚመርጡት ይህን መደበላለቅ ለመሸሽ ነው፤ ለአንቺም ይሻልሻል ብለን እናስባለን። «ተጫጫነኝ» የሚለው ቃላችንም አለ። ሕመም ሲጀማምረን የምንለው ነው፤ ከላቲኑ ሥር ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ሥዕል ነው። ልጅሽ የጠየቀሽ በዚህ አማርኛ ነው።

ለእህትሽ ስጋትም መልስ አለን። በአማርኛ «ጉንፋን ነኝ» አይባልም፤ «ጉንፋን ይዞኛል» ነው። «አመመኝ»፣ «ከፋኝ»፣ «ከበደኝ» ስንልም አድራጊው ሕመሙ ነው፤ እኛ የተደረገብን ነን። እንግሊዝኛው «አይ አም ዲፕረስድ» ብሎ ሰውየውንና ሕመሙን ያጣብቃቸዋል፤ የእኛው ሰዋስው ግን ለይቶ ያቆማቸዋል። ስለዚህ «ድባቴ ይዞኛል» በይ። የሚለጠፈው «ድብርታም» ስንባል ነው፤ የያዘን ነገር ይለቃል።

ይህን ሁሉ ለሦስቱ ሰዎች እንዴት ትነግሪያለሽ? ለባለቤትሽ የሕመሙን ስም አታስቀድሚ። ስሙን ስትጠሪ ክርክሩ ስለ ቃሉ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ አይተሽዋል። ቀኑንና የቆመውን ሥራ ንገሪው። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ጥልፌን ከነካሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ እነቃና አልተኛም። ጠዋት ጫማ ለማጥለቅ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። ከሦስት ወር በፊት እንዲህ ነበርኩ?» ይህን ሰምቶ «እኔም እኮ» ማለት ይከብዳል፤ አብሮሽ ይኖራልና የምትይውን በዓይኑ አይቷል። ስሙን ከዚያ በኋላ አምጪው፣ ወረቀቱንም አሳዪው። ደክሞት በገባበት ሰዓትም ሆነ በጭቅጭቅ መሃል አይሁን። አንድ የተቆረጠ ነገርም ጠይቂው፤ «ደግፈኝ» ማለት ሰውን ግራ ያጋባል፣ «በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረኸኝ ግባ» ወይም «ጠዋት 20 ደቂቃ አብረኸኝ በእግር ሂድ» ማለት ግን ሊሠራው የሚችለው ነው። እስኪ አንድ ነገር እንጠይቅሽ፤ «እኔም ይደብረኛል» ሲልሽ ራሱስ የከበደው ነገር ይኖር ይሆን? ጠይቂው። መልሱ የአንቺን ሕመም አይቀንሰውም፣ ንግግሩን ግን ከክርክር ያወጣዋል።

ለመሥሪያ ቤትሽ የሕመሙን ስም የመንገር ግዴታ ያለብሽ መስሎ አይሰማሽ። «የሕክምና ክትትል ላይ ነኝ» ይበቃል። ከስሙ ይልቅ የሚጠቅምሽን ለይተሽ ጠይቂ። በዚህ ሕመም ጠዋት ብዙ ጊዜ ከከሰዓቱ ይከብዳል፤ ለአራት ሳምንት አንድ ሰዓት ዘግይቶ መግባትና ለቀጠሮ ቀናት ፈቃድ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ሐኪምሽም ምርመራውን ሳትጠቅስ ይህንኑ ብቻ እንድትጽፍልሽ ንገሪያት።

ልጅሽ ግን እውነቱን ይፈልጋል፤ ለዕድሜው የሚሆነውን ያህል። ልጆች ዝም ሲባሉ ምክንያቱን ከራሳቸው ይፈልጋሉ፤ «አናድጃት ይሆናል» ብለው ያስባሉ። ስለዚህ፦ «ትክክለኛውን ቃል ነው ያገኘኸው። የተጫነኝ ሕመም ነው፣ ድባቴ ይባላል። ከአንተ የመጣ አይደለም፣ አንተም ልታነሣው አይጠበቅብህም። የሚያነሡት እኔና ሐኪሟ ነን፤ ጊዜ ይወስዳል። መጠየቅ ስትፈልግ ጠይቀኝ» በዪው። ያንተ ጥፋት አይደለም የሚለው ብቻውን አይበቃም፤ አንተ አታክመኝም የሚለውንም መስማት አለበት። የ12 ዓመት ልጅ እናቱን ደስ ለማሰኘት ቀን ከሌት ሲጥር ይታመማል።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ፣ የእህትሽ «ያደነዝዝሻል» ከሁለት የሚመሳሰሉ ቃላት የመጣ ሊሆን ይችላል። በሕክምና «ዲፕረሳንት» የሚባለው የአንጎልንና የነርቭን ሥራ የሚያዘገይ ነገር ነው፤ አልኮልና ብዙዎቹ የእንቅልፍ ክኒኖች እዚያ ውስጥ ናቸው። ለድባቴ የሚታዘዘው «አንቲዲፕረሳንት» ሌላ ነው፤ ድባቴን የሚያነሣ እንጂ የሚያደነዝዝ ተብሎ አይሰጥም። አንዳንዱ ዓይነት እንቅልፍ ያመጣል፣ አንዳንዱ ያነቃል። ያንቺ የትኛው እንደሆነና ጠዋት ወይስ ማታ እንደሚወሰድ ሐኪምሽን ወይም ፋርማሲስቱን ጠይቂ። አልኮል የምትቀምሺ ከሆነ ደግሞ በዚህ ጊዜ ራቂው፤ ለጊዜው ያስተኛሽና ሌሊቱን ይሰባብረዋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ መቅበጥበጥ ሊመጣ ይችላል፤ ጥቅሙ ደግሞ ገና አይታይም። ያኔ «አልሆነልኝም» ብሎ በአምስተኛው ቀን ማቆም የተለመደ ነው። ለውጡ መሰማት የሚጀምረው በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ሙሉ ጥቅሙን ለማየት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሊያስፈልግ ይችላል። ብዙ ጊዜ እንቅልፍና ጉልበት ቀድመው ይመለሳሉ፤ ደስታ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሌላው መሰናክል ሲሻል ማቆም ነው። ከዳኑ በኋላም ቢያንስ ለስድስት ወር መቀጠል የሚመከረው ቶሎ ያቆመ ሰው ላይ ስለሚያገረሽ ነው። መቆም ያለበትም ቀስ በቀስ፣ በሐኪም ነው፤ በአንድ ጊዜ ከተተወ ማዞርና መነጫነጭ ያመጣል። አንድ ቀን ከረሳሽ በማግስቱ ሁለት አትዋጪ።

ከመጀመርሽ በፊት ሐኪምሽን ሦስት ነገር ብትጠይቂያት ደስ ይለናል። የታይሮይድ እጢና የደም ማነስ ምርመራ ተደርጎልሻል? ሁለቱም ይህንኑ የመሰለ ድካምና መጫጫን ያመጣሉ። ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ አብሮ ይሄዳል? ደግሞም በሕይወትሽ ያለ እንቅልፍ ለቀናት ጉልበት የሞላብሽ፣ ሐሳብ የሚሽቀዳደምብሽ፣ ሰው «ምን ነካት?» ያለበት ጊዜ ነበረ? ከነበረ ሳትጠየቂ ንገሪያት፤ የመድኃኒቱ ምርጫ በዚህ ይለወጣል። ክኒን የማያስመርጥሽ ነገር ካለም ተናገሪ፤ ለመካከለኛ ድባቴ የንግግር ሕክምናም ሙሉ ሕክምና ነው፣ ሁለቱ አብረውም ይሰጣሉ።

አንድ ጥያቄ በቀስታ እንጠይቅሽ። በእነዚህ ሦስት ወራት «ባልነቃ» ወይም «ብሞት ይሻል ነበር» ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ አላየነውም፤ ግን ከዘጠኙ ምልክቶች አንዱ ነውና ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ሐሳቡ ካለ ለሐኪምሽ በዚያው ቀን ንገሪ። ራስሽን ስለ መጉዳት ማቀድ ከጀመርሽ ወይም መድኃኒቱን ከጀመርሽ በኋላ መቅበጥበጡ ከበረታብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የምታምኚው ሰው አብሮሽ ይሁን፣ ክኒኖቹን እሱ ይያዛቸው፣ በቅርብ ወዳለው የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ሂጂ።

እስከዚያ ድረስ በዚህ ሳምንት አንድ ሥራ እንስጥሽ። በብዙ ሕክምና ቦታ የሚሠራበት ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ፎርም አለ፣ «ፒኤችኪው ዘጠኝ» ይባላል፤ ሐኪምሽ ዘንድ ታገኚዋለሽ። እያንዳንዱ ጥያቄ ላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው የሚጠይቅሽ፦ ፈጽሞ ካልነበረ 0፣ ጥቂት ቀናት 1፣ ከግማሽ በላይ ቀናት 2፣ በየቀኑ ለማለት የሚቻል ከሆነ 3። ድምሩ ከ27 ነው፤ ከ10 እስከ 14 ያለው መካከለኛ ይባላል። ሰው የሚሳሳተው የዛሬን ስሜት ብቻ ሲሞላ ነው፤ ትናንት ደህና ውሎ የዋለ ሰው ሁለት ሳምንቱን ይረሳል። ቀን መቁጠሪያ ፊትሽ አድርገሽ ሙዪው። ብቻሽንም ሙዪው፤ ሰው ከትከሻሽ በላይ እያየ ዘጠነኛው ጥያቄ እውነተኛ መልስ አያገኝም።

ከዚያ ድምሩንና ቀኑን በወረቀቱ ጀርባ ጻፊና ያንኑ ፎርም በየሁለት ሳምንቱ ድጋሚ ሙዪ። አምስት ነጥብ ከቀነሰ ሐኪሞች እውነተኛ ለውጥ ይሉታል፤ ከ5 በታች ከገባ ምልክቶቹ ለቀዋል ማለት ነው። ስድስት ሳምንት ታክመሽ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ያንን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ፤ መጠኑን ለመጨመር ወይም መድኃኒቱን ለመለወጥ ለሐኪምሽ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ የለም። ባለቤትሽ አብሮሽ ከገባ ደግሞ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርገሽ አሳዪው፤ ከሦስት ወር በፊት የነበርሽውን ያውቃታል፣ ምን ያህል እንደቀረሽ አብሮሽ ይቆጥራል።